ስኳርን ይዞ ማደግ፦ ሕመሙ፣ ዕለታዊ አያያዙና የኛ ድርሻ

የስኳር በሽታ ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ዕድሜው የገፋ፣ ሆዱ ቀደም ያለ፣ ጮማና ጠጅ ያልተለየው ባለጸጋ ነው። «የሀብታም በሽታ» የሚለው ስምም የወጣለት ከዚሁ አስተሳሰብ ነው። ይህ አስተሳሰብ በሁለት በኩል ስሕተት ነው። በአንድ በኩል በሽታው ገና በእግሩ መሄድ ከጀመረ ሕፃን አንሥቶ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅንና ጢም ያላበቀለ ወጣትን ይይዛል። በሌላ በኩል በሀገራችን ገጠር ያለ ኢንሱሊን መኖር ከማይችሉት መካከል ብዙዎቹ የወጡት ከድኻ ቤት ነው። ስሕተቱ የስም ብቻ ቢሆን ባልተከራከርን ነበር። ነገር ግን «ልጅን ስኳር አይዘውም» ተብሎ በሚታመንበት ቤት ልጁ ሲታመም ሌላ ሌላው ሲፈለግለት ቀናት ያልፋሉ፤ በዚህ በሽታ ደግሞ የጥቂት ቀናት መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በአቡ ዳቢና በአል ዐይን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ስንሆን፣ ከፊሎቻችን ከልጅነት ጀምሮ ኢንሱሊን እየተወጋን ያደግን፣ ከፊሎቻችን ደግሞ ከነርሱ ጋር አንድ መኝታ ክፍልና አንድ ገበታ የምንጋራ ነን። ዓላማችን ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት፤ ሁለተኛ፣ ይዘውት ሲያድጉና በየዕለቱ ሲቆጣጠሩት ምን እንደሚጠይቅ መግለጽ፤ ሦስተኛ፣ አጠገብ ያለ ሰው ሊያውቅ የሚገባውን ማሳሰብ ነው። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር እንዲጨበጥልን እንፈልጋለን፤ ስኳር የያዘውን ወጣት ከበሽታው ይበልጥ የሚጎዳው በሽታውን ደብቆ ለብቻው መሸከሙ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ሕመሙ ምንድን ነው?

የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝና ድንች በአንጀት ውስጥ ሲፈጭ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይለወጥና ከደም ይቀላቀላል። ግሉኮስ ለሰውነት ማገዶ ነው። ይሁን እንጂ በደም ውስጥ ስለተገኘ ብቻ አይነድም፤ ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች የሰውነት ሕዋሳት የሚገባበትን በር የሚከፍትለት ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊንን የሚያመነጨው ከጨጓራ በስተጀርባ የሚገኘው ቆሽት ነው። ጤነኛ ቆሽት ሌት ተቀን ጥቂት ጥቂት ያመነጫል፤ ምግብ ሲመጣ ደግሞ እንደ ምግቡ መጠን ይጨምራል።

የስኳር ሕመም ዓይነቱ ከሁለት ቢበልጥም ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። በዓይነት 2 ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ሰውነት ግን በሚገባ አይታዘዝለትም፤ ውሎ አድሮም ቆሽቱ ይደክማል። ከዘር፣ ከውፍረትና ከእንቅስቃሴ ማነስ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በምንኖርበት የባሕረ ሰላጤ አካባቢ በሰፊው የሚታየው ይኸው ነው። በዓይነት 1 ግን ሰውነት ራሱን ከተሕዋስያን የሚከላከልበት ኃይል አቅጣጫውን ስቶ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ይደመስሳቸዋል። ይህ ብዙውን ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት ይጀምራል። ከረሜላ በመብላት፣ በእርግማን ወይም በእናት ጥፋት የሚመጣ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ጽሑፋችን በይበልጥ የሚመለከተው ዓይነት 1ን ነው።

ኢንሱሊን ያጣ ሰው በማገዶ ክምር ላይ ተቀምጦ ክብሪት አጥቶ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ይመስላል። ስኳሩ በደሙ ሞልቶ ሳለ ሕዋሳቱ ይራባሉ። ኩላሊት የተትረፈረፈውን ስኳር ከውሃ ጋር ያስወጣዋል፤ ስለዚህ ልጁ ቶሎ ቶሎ ይሸናል፣ ሌሊት አልጋውን ያረጥባል፣ ውሃ ጠጥቶ አይረካም፣ እየበላ ይከሳል። ሽንቱ ላይ ጉንዳን ሲሰበሰብ ታየ የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ቀጥሎ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ስላቃተው ስቡን ማንደድ ይጀምራል፤ ከዚህ የሚወጣው ኪቶን የተባለ አሲድ ደሙን ይመርዘዋል። በዚህ ጊዜ ልጁ ሆዱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ይሆናል፣ ከአፉም የበሰለ ፍሬ የመሰለ ሽታ ይወጣል። ቶሎ ካልታከመ ራሱን ስቶ ይሞታል።

ማስታወክና ድካም የብዙ በሽታ ምልክት በመሆኑ ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው፣ ቡዳ በልቶት ነው እየተባለ ጊዜው ያልፋል። አንዲት ጠብታ ደም በመለኪያ ላይ ማሳረፍ ግን ጥርጣሬውን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይፈታዋል። ስለዚህ ለሀገር ቤት ዘመዶቻችን ልናስተላልፈው የሚገባን የመጀመሪያው መልእክት ይህ ነው፤ ብዙ የሚጠጣ፣ ብዙ የሚሸናና የሚከሳ ልጅ በዚያው ዕለት ደሙ ይመርመር።

ለ. ከሞት ፍርድ ወደ ሙሉ ዕድሜ

ከ1922 በፊት ዓይነት 1 ለያዘው ልጅ መድኃኒት አልነበረም። የዘመኑ ስመ ጥር ሐኪሞች ሊያደርጉ የሚችሉት ቢኖር ልጁን በማስራብ ሞቱን ለጥቂት ጊዜ ማዘግየት ነበር። በ1921 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ ፍሬዴሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በፕሮፌሰር ጆን ማክላውድ ቤተ ሙከራ ከእንስሳ ቆሽት የደም ስኳርን የሚያወርድ ጭማቂ አወጡ። ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። መድኃኒቱ በሚገባ ያልተጣራ ስለ ነበር ብዙ አልረዳውም። ጄምስ ኮሊፕ ካጣራው በኋላ ጃንዋሪ 23 ቀን እንደገና ሲወጋ የደሙ ስኳር ወረደ፤ ልጁም ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ባንቲንግና ማክላውድ በ1923 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የፈጠራ መብቱም ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ1 ዶላር ተላለፈ፤ አሳቡ መድኃኒቱ የጥቂቶች ትርፍ መሰብሰቢያ እንዳይሆን ነበር።

ኢንሱሊን ከሞት ካዳነ በኋላ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ስኳራቸው ለብዙ ዓመታት ከፍ ብሎ የኖረ ሰዎች ዓይናቸው፣ ኩላሊታቸውና የእግራቸው ነርቭ ይጎዳ ነበር። ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር ይህን ያስቀር ይሆን? መልሱ የተገኘው በአሜሪካና በካናዳ 1441 ሰዎች በተሳተፉበት፣ ከ1983 እስከ 1993 በተካሄደ ጥናት ነው። ስኳራቸውን በየቀኑ ደጋግመው እየለኩ፣ ኢንሱሊኑንም በዚያው መጠን እያስተካከሉ የተወጉት ሰዎች የዓይን ጉዳት የመጀመር አደጋቸው በ76 በመቶ ቀነሰ። እንግዲህ መለካትና መወጋት የሐኪም ቁጣ የሚያመጣው ግዴታ ሳይሆን የነገ ዓይንና ኩላሊት ጥበቃ መሆኑ የተረጋገጠ ነው።

ሐ. በሀገራችን

የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበር የተመሠረተው በ1984 ነው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ለብዙ ዓመታት የስኳር ሕሙማን የሚከታተሉበት ዋና ሥፍራ ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን አብዛኛው ሕዝባችን የሚኖረው ከትልልቅ ሆስፒታሎች ርቆ ነው። ኢንሱሊን በየቀኑ የሚፈለግ ነገር ሲሆን፣ ሐኪሙ ያለው የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ከሆነ ማዘዣው ወረቀት ብቻ ነው።

ለዚህ ችግር ጎንደር ላይ የተሞከረው መፍትሔ ሊነገር ይገባዋል። ጎንደር በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ስትሆን፣ ለገጠር የሚሰማሩ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን በማሠልጠን ትታወቃለች። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የስኳርና የሌሎች ሥር የሰደዱ ሕመሞችን ክትትል ከከተማው ሆስፒታል አውጥተው በገጠር ጤና ጣቢያዎች በነርሶች እጅ እንዲሰጥ አደረጉ። በጅማም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። ገበሬው የታዘዘለትን ኢንሱሊን ከመንደሩ በቅርብ ማግኘት ቻለ።

ከዚሁ ሥራ ሌላ ቁም ነገር ተገኘ። እነ ዶክተር ሽታዬ በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ በጎንደር ገጠር ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ድኾች፣ ቀጫጮችና ወጣቶች፣ በይበልጥም ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ በልጅነት ምግብ ማጣት ራሱ ቆሽትን ይጎዳ እንደ ሆነ እንደገና እንዲመረመር ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም በ1985 በመደቡ ውስጥ አስገብቶት በ1999 አውጥቶት ነበር። በ2025 ግን ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ በይፋ ተቀበለው። «የሀብታም በሽታ» ለሚለው አባባል ከዚህ የበለጠ መልስ የለም።

የአቅርቦቱ ነገር ግን ዛሬም ያልተቋጨ ጉዳይ ነው። የደም መለኪያ ስትሪፕ ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው፤ ኢንሱሊንም አንዳንድ ጊዜ ከመድኃኒት ቤት ይጠፋል። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ጊዜ የመቀሌ ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ኢንሱሊን እያለቀባቸው መሆኑን ለዓለም አሳውቀዋል። መንገድ ሲዘጋ በዓይነት 1 የታመመ ሰው ያለው ጊዜ በቀን የሚቆጠር ነው።

መ. ይዞ ማደግ

ሕመሙ በልጅነት ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ነርሶች እናትና አባት ናቸው። መርፌ ነክተው የማያውቁ እጆች የገዛ ልጃቸውን መውጋት ይማራሉ። ልጁ ያለቅሳል፤ እናት ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱም ይለምዱታል። በዚህ መካከል ግን ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከልበት አንድ ወጥመድ አለ። ሕክምና በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከጥፋት የተረፉት የቆሽት ሕዋሳት ለጊዜው ያንሠራራሉ፤ ልጁ የሚያስፈልገው ኢንሱሊን በጣም ይቀንሳል፤ አንዳንዱም ጨርሶ የዳነ ይመስላል። ሐኪሞች ይህን ጊዜ «የጫጉላ ጊዜ» ይሉታል፤ ለወራት ቢቆይም ያልፋል። በዚያው ሰሞን ልጁ ጠበል ተጠምቆ ወይም ሥር ጠጥቶ ከሆነ ቤተሰቡ «ዳነ» ብሎ መርፌውን ያቆማል። ያኔ ሕመሙ ይመለሳል፤ ያለ ኢንሱሊን የተገኘ ልጅም ሊሞት ይችላል።

ይህን ስንል እምነትን ለመንቀፍ አይደለም። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ጠበልንና የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስተምረዋል፤ ለስኳርም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። መጸለይም መጠመቅም መርፌን አያስቀሩም።

ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ኃላፊነቱ ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል። መምህሩ ካልተነገረው ለሽንት ደጋግሞ የሚያስፈቅደውን ልጅ አስቸጋሪ ነው ይለዋል፤ ስኳሩ ወርዶ የፈዘዘውን ደግሞ ሰነፍ ነው ይለዋል። በስፖርት ሰዓት የሚቀመስ ነገር በኪሱ ካልያዘ ሜዳ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ መንገር የልጁን ገመና ማውጣት ሳይሆን ጠባቂ ማበጀት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የጉርምስና ዘመን ነው። በዚህ ዕድሜ ሰውነት በራሱ ለውጥ ምክንያት ከወትሮው የበለጠ ኢንሱሊን ይፈልጋል፤ ወጣቱ ግን ከጓደኞቹ መለየትን አይወድም። በሰው ፊት ላለመወጋት መርፌውን ያዘገያል፤ ከዚያም ይዘለዋል። በሴቶች ላይ ደግሞ «ስኳር ያለባት አትወልድም፣ አታገባም» የሚለው ወሬ ይጨመራል። ይህ መሠረተ ቢስ ነው። ዓይነት 1 ያለባት ሴት ከእርግዝናዋ በፊትና በእርግዝናዋ ጊዜ ስኳሯን በሐኪም ክትትል ከተቆጣጠረች ጤነኛ ልጅ ልትወልድ ትችላለች። ወላጆች ልጅቷን ለመጠበቅ ብለው ሕመሙን ሲደብቁ፣ ደብቆ መወጋትን፣ ቀጥሎም መዝለልን ያስተምሯታል።

ልጁ ኃላፊነቱን የሚረከበው በአንድ ቀን ሊሆን አይገባም። መጀመሪያ ጣቱን ራሱ ወግቶ ይለካ፤ ቀጥሎ ወላጅ እያየው ራሱን ይውጋ፤ በመጨረሻ መጠኑን ራሱ ይወስን። እንዲህ ያደገ ወጣት ለትምህርት ባሕር ሲሻገር እናቱ አብራው ባትመጣም ዕውቀቷ አብሮት ይመጣል።

ሠ. የዕለቱ ሥራ

ጤነኛ ቆሽት ሳይነገረው የሚሠራውን ሥራ ዓይነት 1 ያለበት ሰው በራሱ አእምሮ ይሠራዋል። ሥራው አራት ነገሮችን ማመዛዘን ነው፤ መለካት፣ መወጋት፣ መብላትና መንቀሳቀስ።

መለካት። ጧት ሲነሡ፣ ከምግብ በፊት፣ ከመኝታ በፊትና ሕመም ሲሰማ መለካት ያስፈልጋል። ግቡን ለያንዳንዱ ሰው የሚወስነው ሐኪሙ ቢሆንም፣ ለብዙ ዐዋቂዎች ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130 ሚሊግራም በዴሲሊትር ይመከራል። ዛሬ በክንድ ላይ ተለጥፎ ስኳርን ሌት ተቀን የሚያሳይ ሴንሰር አለ፤ አቅሙ ወይም መድኑ የፈቀደለት ቢጠቀምበት መልካም ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል እንደ ፈተና ውጤት ማፈር አይገባም። ቁጥሩ ቀጥሎ የሚደረገውን ለመወሰን የሚረዳ ወሬ ነጋሪ ነው።

መወጋት። ኢንሱሊን በጠቅላላው ሁለት ወገን ነው፤ አንዱ ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ፣ ሌላው ከምግብ ጋር የሚወሰድ ፈጣን ነው። የሚወጋው ከቆዳ ሥር፣ በሆድ፣ በጭን ወይም በክንድ ላይ ሲሆን ቦታው መቀያየር አለበት፤ አንድ ቦታ ደጋግመው ቢወጉት ያብጥና ይጠጥራል፤ ኢንሱሊኑም በትክክል አይሰራጭም። ከሀገር ቤት በብልቃጥና በሲሪንጅ ለምዶ የመጣ ተማሪ እዚህ ሌላ ዓይነት ኢንሱሊን በፔን ሊታዘዝለት ይችላል። የሁለቱ አሠራር ስለሚለያይ መጠኑን ሐኪም እንጂ ጓደኛ ሊወስነው አይገባም። ከሁሉም በላይ፣ ሰው ሲታመምና ምግብ አልወርድ ሲለው ኢንሱሊንን ጨርሶ ማቆም የለበትም። ትኩሳትና ሕመም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርጉ፣ መብላት ባይቻልም ረጅም ሰዓት የሚሠራው ኢንሱሊን ይቀጥላል፤ ማስታወክ ከበረታም ቶሎ ወደ ሐኪም ይኬዳል።

መብላት። «ጤፍ ስኳር የለውም» የሚል አባባል በየቤቱ ይሰማል። ጤፍ መልካም እህል ነው፤ ሆኖም እህል ነውና በሆድ ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣል። ዋናው ነገር መጠኑን ማወቅ ነው። ስንት እንጀራ እንደ ተበላ ከታወቀ ኢንሱሊኑን ማስላት ይቻላል፤ አንድ ትሪ ከበው ሲበሉ ግን ቆጠራው ይጠፋል፤ ጉርሻው ሲጨመር ይብሱን ይጠፋል። ስለዚህ ስኳር ያለበት ጓደኛ ድርሻውን ለብቻው በሳሕን ቢያነሣ ኩራት አይባልበት። ጎመን፣ ሥጋና እንቁላል ስኳርን ብዙ ከፍ አያደርጉም፤ ምስርና ሽሮ መካከለኛ ናቸው፤ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይና ጭማቂ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ደም ይደርሳሉ። ቡና ያለ ስኳር ለሚጠጣ ሰው ደግሞ «እንዴት መረረህ» እያሉ ማስቸገር አይገባም።

መንቀሳቀስ። መራመድና ኳስ መጫወት ስኳርን ያወርዳሉ፤ የሚያወርዱትም በጨዋታው ሰዓት ብቻ ሳይሆን እስከ ሌሊቱ ድረስ ነው። ማታ ኳስ የተጫወተ ሰው ከመተኛቱ በፊት ሊለካ ይገባዋል።

ረ. በዚህ ሀገር

ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው በፍሪጅ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት ነው። በረዶ ከሠራ ይበላሻል፤ ስለዚህ ከበረዶ ቤቱ አጠገብ አይቀመጥም። የተከፈተው እንደየዓይነቱ በክፍል ሙቀት ለ4 ሳምንት ያህል ሊያገለግል ይችላል። ይሁን እንጂ በበጋ ከ45 ዲግሪ በሚያልፍ የአል ዐይን ፀሐይ «የክፍል ሙቀት» ከክፍሉ ውጭ አይገኝም። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ኢንሱሊን መልኩ ባይለወጥም ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ከአቡ ዳቢ አል ዋሕዳ አውቶቡስ ጣቢያ ተነሥቶ ወደ አል ዐይን የሚጓዝ ሰው ኢንሱሊኑን ከአውቶቡሱ ሆድ ከሚጫን ሻንጣ አውጥቶ በእጁ ቦርሳ ይያዘው፤ ወረፋ ሲጠብቅም ጥላ ይፈልግለት። ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲኬድም ደንቡ ይኸው ነው፤ ኢንሱሊን፣ መርፌና የሐኪም ደብዳቤ ከሰውየው ጋር ይሳፈራሉ።

ፍሪጅ ለሌለው ዘመድ ለምንጨነቅ አንድ መልካም ዜና አለ። በኬንያ ዳጋሃሌ የስደተኞች ሰፈር የሚሠራው ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ከጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባደረገውና በ2021 በታተመው ጥናት፣ ሙቀቱ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋልልበት ሁኔታ ለ4 ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን በቅዝቃዜ ከተቀመጠው ያነሰ ኃይል አልተገኘበትም። እናቶቻችን ውሃ የሚያበርዱበት የሸክላ ዕቃም ለዚህ ይረዳል። አንዱን ሸክላ በሌላው ውስጥ አድርጎ በመካከሉ አሸዋ መጨመርና አሸዋውን ማርጠብ ነው፤ ውሃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። በደረቅ ቆላ ጥሩ ይሠራል፤ እንደ አቡ ዳቢ ዳርቻ ወበቅ በበዛበት ግን ብዙ አይረዳም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጾም ነው። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ሳይጠጡ መዋል ዓይነት 1 ላለበት ሰው ከፍተኛ አደጋ አለው፤ እስከ ሰዓት የሚጾሙ ኦርቶዶክሳውያንም እንዲሁ። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለበሽተኛ ፈቅደዋል። መጾም እፈልጋለሁ የሚል ቢኖር ከጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኹንም ይጠይቅ። ስኳሩ ሲወርድበት ግን ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ቢቀረውም ጾሙን ያፍርስ።

ሦስተኛው የሕክምና መብት ነው። በአቡ ዳቢ ግዛት የጤና መድን በ2005 በወጣው ቁጥር 23 ሕግ ግዴታ ሆኗል፤ ለሠራተኛው መድን የሚገባው አሠሪው ነው። በየቤቱ የሚሠሩ እኅቶቻችንም በዚህ ሕግ ውስጥ ናቸው። አል ዐይን የተዋም ሆስፒታል አላት፤ በአቡ ዳቢም ከ2006 ጀምሮ ለስኳር ሕመም ብቻ የተቋቋመ የኢምፔሪያል ኮሌጅ ሎንዶን የስኳር ሕመም ማእከል አለ፤ በአል ዐይንም ቅርንጫፍ ከፍቷል። የመድን ካርድ የትኛውን ሕክምና እንደሚሸፍን ስለሚለያይ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ሥራዋን እንዳታጣ ፈርታ መርፌዋን በልብስ ሻንጣ ሥር የምትደብቅ እኅት በዚህ ከተማ ውስጥ ልትኖር እንደምትችል ማንም አይስተው። ቋንቋ የምናውቅ እኛ ካርዷን አንብበንላት ሐኪም ዘንድ ብናደርሳት ከትምህርታችን የሚጎድል ነገር የለም።

ሰ. ስኳር ሲወርድ አጠገብ ያለ ሰው ምን ያድርግ?

ኢንሱሊን ከበዛ፣ ምግብ ከዘገየ ወይም እንቅስቃሴ ከበረታ ስኳር ከ70 በታች ይወርዳል። ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይርበዋል፣ ይቆጣል፣ ንግግሩ ይደናበራል። የማያውቅ ሰው ሰክሯል ይላል። የሚደረገው እንዲህ ነው።

1ኛ. መዋጥ የሚችል ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም ለስላሳ መስጠት፤ «ያለ ስኳር» የተጻፈበት ለስላሳ አይረዳም።

2ኛ. 15 ደቂቃ ቆይቶ መለካት፤ ካልተሻለው መድገም።

3ኛ. ሲሻለው ዳቦ ወይም እንጀራ ማብላት፤ እስኪረጋጋ ድረስም ለብቻው አለመተው።

4ኛ. ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አለማድረግ፤ ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል። በጎኑ አስተኝቶ፣ ግሉካጎን የተባለው መድኃኒት ካለና አሰጣጡን የሚያውቅ ከተገኘ መስጠትና በዚህ ሀገር አምቡላንስ በ998 መጥራት።

5ኛ. ራሱን ለሳተ ሰው ኢንሱሊን በፍጹም አለመውጋት። ስኳሩ ወርዶ ከሆነ ይገድለዋል።

ሸ. የኛ ድርሻ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ የሚጠቅመው ሕመሙ ሲታወቅ ነው። መኝታ ክፍል የሚጋራው ጓደኛ ካልተነገረው፣ ሌሊት ላብ በላብ ሆኖ የሚቃዠውን ሰው ሕልም ነው ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ስኳር ያለባችሁ ወገኖች ቢያንስ ለሁለት ሰው ንገሩ፤ ስኳር በኪሳችሁ፣ ሕመማችሁን የሚገልጽ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ካርድ በቦርሳችሁ ያዙ። የተነገራችሁም ምሥጢሩን ጠብቁ፤ የፍሪጁን አንድ መደርደሪያ ልቀቁ፤ ከንፈር መምጠጡን ትታችሁ ከላይ ያሉትን አምስት ነጥቦች አጥኑ። ለበዓል ስንሰባሰብም ያለ ስኳር የተፈላ ሻይ በአንድ ፔርሙዝ ለብቻው ይቀመጥ። ሀገር ቤት ስንደውልም ከሰላምታው ቀጥለን እየጠጣ የማይረካ፣ እየበላ የሚከሳ ልጅ በቤቱ ወይም በጎረቤት እንዳለ እንጠይቅ። ያ ጥያቄ አንድን ልጅ በጊዜ ጤና ጣቢያ ሊያደርሰው ይችላል።